የዲንቄ ማር

ዲንቄን ከመጀመሪያውም እወዳት ነበር ብል እዋሻለሁ። ከቀበና ወንዝ ተነሥታ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ከሩቅ ነበር የማውቃት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ዱላዋን ይዛ፣ በየደጁ እየቆመች ሰው ስታናግር። «መጣችልሽ ደግሞ!» እልና በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። እሷ ደግሞ ገርበብ ያለ በር ስታይ ግቢ የተባለች ይመስላታል።

ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ቅድስት ያደርጋታል። ኤዲያ! እኔ በለጡ ነኝ የማውቃት፣ እኔ ልንገራችሁ። ነገር አዋቂ ነበረች። የምትፈልገውን ሳትነግራችሁ ታስደርጋችኋለች። እንደሷ ያናደደኝ ሰው በዕድሜዬ የለም፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ኃይለ መስቀል ካልተቆጠረ በቀር። ወደሱም እመጣለሁ።

ሥራዋ አዋላጅነት ነበር። ከቀበና እስከ የካ ሚካኤል፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኮተቤ ያልገባችበት ጎጆ የለም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለምትናገር ያማጠች ሁሉ እሷን ነው የምታስጠራው። የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ ለራሷ ግን አንድም አልወለደችም። ባሏ ገረሱ ጥድ ላይ ቀፎ የሚሰቅል፣ ከሰው ይልቅ ከንብ ጋር የሚስማማ ዝምተኛ ሰው ነበር። ማሩ የሚመጣው ከሱ ነው። ማሩን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። ጠዋት ሲያመሰኳ ያያችሁት በሬ ማታ ወድቆ ታገኙታላችሁ። በወር ውስጥ በረቱ ሁሉ ባዶ ሆነ። በሬ ከሌለ ማን ያርሳል? በዓመቱ እህል ጠፋ፣ ሰው ይረግፍ ጀመር። እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት አለ፣ እዚያ እህል አይጠፋም እያሉ ከሰላሌም ከቡልጋም ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ ዳገቱን ለመውጣት አቅም አልነበራቸውም፣ ወንዙ ዳር ቀሩ። ወንዙ ዳር ደግሞ የዲንቄ ቤት ነው።

ወላጆቹ ሲሞቱ ልጆቹ እሷ ደጅ ላይ ተረፉ። አንድ ሁለቱን ይዛ ነበር፤ አምስት ስድስት ሲሆኑ ከገረሱ ጋር ተያይዘው እንደሚያልቁ ገባት። ስለዚህ ዱላዋን አንሥታ ቤት ፍለጋ ወጣች። የማን ቤት ምን እንዳለ፣ የማን ልጅ እንደሞተ፣ ማን ባሏን እንደምትፈራ፣ ያዋለደች ሴት ምን የማታውቀው አለ?

እኔ ቤት መጀመሪያ የመጣችው «ወንፊትሽን አውሺኝ» ብላ ነው። ወንፊት ቤቷ ሦስት ነበራት። ተቀመጠች፣ ዙሪያውን ታያለች። ልጄ ከበበ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ውሃ አምጣ ብዬው እግሩ ላይ ደፋው። ጮኽኩበት፤ እንደኔ አድርጎ የሚጮኽም የለም። ከጮኽኩ በኋላ ብርድ እንዳይመታው እግሩን በቀሚሴ ጠረግኩለት። ዲንቄ ወንፊቴን ይዛ ሄደች። ሌላ ቀን ልትመልስ መጣች፣ ወንዙ ዳር ስለቀሩት ልጆች አወራች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔም ሞኟ «አይ፣ ያሳዝናሉ» አልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ «ያን ሁሉ ደግ ሴት ትተሽ ለምን እኔን መረጥሽ? ጎረቤቱ ሁሉ ነገረኛ እያለ የሚጠራኝን?» አልኳት።

«ለስላሶቹንማ ሞክሬያቸው ነበር» አለች። «ሁለቱ በወሩ መለሱልኝ። አንቺ አፍሽ ይጮኻል፣ እጅሽ ግን ያበላል።»



ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ልጅ አዝላ ነው። ጥር ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ኢፍቱ ትባላለች፣ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናትና አባቷ በሁለት ቀን ልዩነት ወንዙ ዳር አርፈዋል፣ ዲንቄና ገረሱ ናቸው የቀበሯቸው። ልጅቱ አማርኛ አትሰማም።

«እስከ ፋሲካ ብቻ ያዢልኝ» አለች ዲንቄ።

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ከፋሲካ በኋላ እኔ አለሁ።»

ሦስት ቃል አስተማረችኝ፦ ኮቱ፣ ነይ ማለት ነው፤ ኛዱ፣ ብዪ፤ ረፊ፣ ተኚ። ከቀሚሷ ውስጥ ደግሞ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ትንሽዬ ቀንድ አወጣች። ማር ነው። «ለሳል ነው፣ ካሳላት አልሺያት» አለችና ወረደች። በዚያ ዘመን ማር! ከልጅ ጋር ለየቤቱ አንዳንድ ቀንድ ትሰጥ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ኢፍቱን የያዝኳት በደግነት አይደለም። ባሌ ወልደ ሐዋርያት ዘመቻ ደርሶ ሲመለስ በንዳድ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። መሬቱ ከወንድሙ ከኃይለ መስቀል መሬት ጋር ድንበርተኛ ነው። ኃይለ መስቀል ደግሞ በሽታው ሲመጣ ሁለት በሬዎቹን ጫካው ውስጥ ገደል ሥር ወስዶ ደብቆ ያተረፈ ሰው ነው፣ በዚያ ዳገት ላይ ጥማድ ያለው እሱ ብቻ ነበር። የኔንም የሚያርስልኝ እሱ ነው። ያለሱ በሬ እኔና ልጄ አለቀልን ማለት ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በልቤ ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እኔ አውቃለሁ።

ልጅቷን እንዳየ «በዚህ ቀን ሌላ አፍ ጨመርሽ?» አለ።

«ለከበበ ናት» አልኩ። «ምራቴን ነው የማሳድገው።»

ፊቱ ወዲያው በራ። «ያለ ጥሎሽ ምራት! በይ እንግዲህ፣ ዓይነኛ ነገር አስበሻል።» ላገኘው ሰው ሁሉ አወራው።

ዋሽቼውም አልነበረም። እውነቴን ነው ያሰብኩት። አብራኝ ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ሳረጅ ትጦረኛለች አልኩ። እንደዚያ ምራቱን ከልጅነቷ የሚያሳድግ ሞልቶ አልነበረም? ዲንቄ ይህን ሰምታለች። 

ኢፍቱ ግን አልበላም አለች። በሶ ሰጠኋት፣ ጠላችው። ቅንጬ፣ ፊቷን አዞረች። ያን ቅንጬ እንዴት እንዳገኘሁት እግዜር ነው የሚያውቀው! «ኛዱ» እላለሁ፣ አፏን ትገጥማለች። ውሃ ብቻ ትጠጣለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ። እግሯ መቆም አቃተው። ጮኽኩባት፣ ለመንኳት፣ እንደገና ጮኽኩባት። ከዚያ አንሥቼ ታቀፍኳት፣ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። እጄን ስትገፋ የነበረችው ልጅ ፊቷን ደረቴ ላይ አድርጋ ትፈልግ ጀመር። የእናቷን መሆኑ ነው። የኔ ጡት ከደረቀ ስንት ዘመኑ! ማሩ ትዝ አለኝ። ቀንዱን ከፈትኩ፣ ጡቴን ቀባሁና ሰጠኋት።

ጠባች። ዓይኗን ጨፍና ጠባች። እንደገና ቀባሁላት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ስትነቃ ቅንጬውን በጣቴ እየወሰድኩ ሰጠኋት፣ በላች። ሳህኑን ጠርጋ በላች፣ ልጄን!

ያን ጊዜ ዲንቄ በሩን አልፋ ገባች። ሐሙስ ሐሙስ ልጅ የሰጠችበትን ቤት ሁሉ ትዞር ነበር፣ ዝናብም ቢሆን አትቀርም። የልጅቷን አፍ አየች፣ ማሩ እስከ አገጯ ወርዷል። ቀንዱን አየች። እኔን አየች።

«በላች?» አለች።

«በላች።»

«እሰይ!» ብላ ተቀመጠችና ስለ ሌላ ነገር አወራች።

እሷ ከሄደች በኋላ ወፍጮ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው እጄ ቀጥ ያለው። የዛሬ ልጆች ታውቁት እንደሆን እንጃ። በኛ አገር፣ በአማራውም በኦሮሞውም፣ ሴት ጡቷን ማር ቀብታ የሰው ልጅ ካጠባች ያ ልጅ ልጇ ነው። ወተት ኖራት አልኖራት የሚጠይቅ የለም። ይወርሳታል፣ ይቀብራታል። ከወለደቻቸው ጋር እኅትና ወንድም ነው፣ ጋብቻ የሚባል ነገር በመካከላቸው አይነሣም። ምራት ላሳድግ ተቀብዬ በአራተኛው ቀን ልጅ አደረግኳት! ደግሞ ማንም አላስገደደኝ፣ በገዛ እጄ! ኃይለ መስቀል ቢሰማስ? በሬዎቹስ?

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ማን አየ? ዲንቄ ብቻ ናት፣ እሷም ያየችው ማር ነው። ከርሞ ይረሳል አልኩ።

ልጅ ማሳደግ ግን እንዲህ ሲወራ እንደሚቀል አይምሰላችሁ። ሁዳዴ ሲገባ አንገሸገሸችኝ። ታለቅሳለች፣ መኝታ ታረጥባለች፣ ከበበ በቅናት ይቆነጥጣታል፣ እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ እንጨት ስሸከም እውላለሁ። አንድ ሐሙስ ዲንቄን ደጅ ላይ ጠብቄ «ውሰጃት! በቃኝ! ሰው አይደለሁም እኔ?» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። «ነይ የኔ ቆንጆ» ብላ አዘለቻት። «አንቺ ተኚ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ተኛሁ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች።

«ምን አመጣሽ?» አልኩ።

«ገረሱ ቀፎ ሊቆርጥ ነው፣ ንብ ይነድፋታል» አለች። ገረሱ በዚያ ወቅት ቀፎ አይቆርጥም፣ ይህን ማንም ያውቃል። ኢፍቱ ግን ከጀርባዋ ወርዳ «አዮ!» እያለች እግሬን ያዘች። እማዬ ማለት ነው። ምን ልበላችሁ፣ አንሥቼ አዘልኳት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ የደከመችውን ሴት ልጁን ወስዳ ታሳርፋታለች፣ ሦስተኛውን ቀን ግን አታሳልፍም።

አንዳንዱ ቤት እንደዚያም ሆኖ አልያዘም። ኮተቤ ያለች ለተጊዮርጊስ የምትባል ሴት አንድ ልጅ ተቀብላ በወሩ መልሳለች። እኔ ብሆን ዓይኗን አላይም ነበር። ዲንቄ ግን ሐሙስ ስትዞር እሷም ጋ ጎራ ትላለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ትላታለች፣ ጎመን ዘር ትሰጣታለች። «ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው?» ስላት «አንድ ወር አበልታዋለች እኮ» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ነው የማልወድላት።

ፋሲካ አለፈ። ዲንቄ ኢፍቱን ልውሰድ አላለችም፣ እኔም ውሰጃት አላልኩም። ኃይለ መስቀል ግን አልረሳም። በዳግም ትንሣኤ ማግሥት ሽማግሌ ሰበሰበ፣ ከእርሻው ዳር ካለው ወይራ ሥር። ልጅቷ ለወንድሜ ልጅ ትታጭልኝ፣ ቃሉ በሰው ፊት ይታሰር አለ። የሱ ሐሳብ መሬቱ ከቤት እንዳይወጣ ነው፣ ወገን የሌላት ምራት መሬት የሚሻማ ዘመድ አታመጣም። ሁለቱን በሬዎቹን ሣር ላይ ለቋቸዋል፤ ከሽማግሌው ጀርባ ይግጣሉ። በማግሥቱ የኔን ማሳ ሊያርሱ ነው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ በዳዳ ነበሩ፣ የሰፈሩ ሁሉ አስታራቂ። ቃል ከመታሰሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፣ እሱን ጠየቁ።

«ዲንቄ፣ ልጅቷን ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ከወንዱ ልጅ ጋር ሥጋ አለ? ጡት አለ?»

ዲንቄ ተነሣች።  አለቀልኝ አልኩ።

«ሥጋ የለም» አለች። «ወላጆቿን በእጄ ቀብሬያለሁ፣ የሰላሌ ሰዎች ናቸው። ስለ ጡቱ… ማር አፏ ላይ አይቻለሁ። ማር ለሳልም ይላሳል። እኔ ስገባ ያለቀ ነገር ነው። የቤቱን ነገር ባለቤቷ ትናገር።»

ተቀመጠች። ሽማግሌው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

አያችሁ? በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ። «ለሳል ነው» ብል ያልቃል። ማሳዬ ይታረሳል፣ ገብሱ ይዘራል። ጋብቻውን እንደሆነ በኋላ ሰበብ ፈልጌ አፈርሰዋለሁ፣ ሰበብ መፍጠር መቼ ያቅተኛል? ኢፍቱ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የመቀነቴን ቋጠሮ ለመፍታት ትታገላለች፣ ሰው ሁሉ ስለሷ እንደሚያወራ ነገሬም አላለች። ለሳል ነው ካልኩ ልጅቷ እንግዳ ሆነች ማለት ነው። ኃይለ መስቀል በከፋው ቀን ውጪ ሊላት ይችላል። እኔም ሲመረኝ ውጪ ልላት እችላለሁ። ይሄኛው ነው የበለጠ ያስፈራኝ፣ አመሌን አውቀዋለሁ።

«አጥብቻታለሁ» አልኩ። ቀስ ብዬ ልናገር አስቤ ነበር፣ ጩኸት ሆኖ ወጣ። «ጡቴን ማር ቀብቼ አጥብቻታለሁ! ልጄ ናት። የከበበ እኅት ናት። ምን ታዩኛላችሁ?»

 ከዚያ ከበበ ከወይራው ሥር «እሰይ! እኔም ሚስት አልፈልግም ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ሊይዙ አልቻሉም።

ኃይለ መስቀል አልሳቀም። «ማንን አስፈቅደሽ?» አለ። «የወንድሜን መሬት ለመንገደኛ ልጅ ልታወርሺ ነው?»

ኦቦ በዳዳ «ኃይለ መስቀል፣ ጡት ጡት ነው፣ አንዴ ተጠብቷል» አሉት።

«እንግዲያው ትምረጥ» አለ። «ወይ ልጅቷ ወደ ዲንቄ ትመለስ፣ ወይ የኔ በሬ እርሻዋን አይረግጥም።»

«በሬዎችዎን ይንዱ!» አልኩት።

ነዳቸው። ድንበሩን ተሻግረው ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት ስገባ ዲንቄ ተከትላኝ ገባች። በዚያ ቀን ያልሰደብኳት ስድብ የለም።

«አይተሻል! ለምን አልመሰከርሽም? ልትመሰክሪ አይደል የተጠራሽው?»

«እኔ ብናገር ኖሮ እኔ ያሳሰርኩሽ ይመስልሽ ነበር» አለች። «ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር ዲንቄ ናት ያመጣችብኝ ትያለሽ። እስቲ አሁን በማን ታሳብቢያለሽ?»

«ማሩንስ? ለሳል ነው ብለሽኝ!»

«ለሳልም ይሆናላ» አለችና ሳቋ አመለጣት። «አሥራ ሰባት ቤት ሰጥቻለሁ። አምስቱ ቤት ለሳል ሆኗል። እነዚያን ልጆች ቀስ ብዬ ሌላ ቤት አዛወርኳቸው።»

ማማሰያውን ልወረውርባት ምንም አልቀረኝ። «አሁን ምን ልብላ? በምን ልረስ? በሬ አምጪ!»

«በሬ የለኝም» አለችና ዱላዋን ይዛ ወጣች። ያን ዕለት ከልቤ ጠላኋት። ሦስት ሰው በረሃብ ልታስፈጅ ነው፣ እሷ ትስቃለች አልኩ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሰው ይመጣል። ወንድ፣ ሴት፣ አሮጊት ሳይቀር፣ ሁሉም ዶማ ይዟል። ከፊት ዲንቄ ናት፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች ታወራለች። ከኋላዋ ገረሱ፣ እንደልማዱ ዝም ብሎ። ከአሥራ ሰባቱ ቤት የቀረ የለም። ልጆቹን ወይራው ሥር አስቀመጧቸው፣ ከበበና ኢፍቱም እዚያው ተቀላቀሉ። እኔ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ዶማ የለሽም?» አለችኝ ዲንቄ።

ልጅ የያዘ ቤት ሲቸግረው ሌሎቹ ይመጣሉ፣ የሷ ደንብ ይህ ነበር። የሚቆፈርለትን ቤት በምግብ አላስቸገረችም፣ እያንዳንዱ ስንቁን ቆሎ ቋጥሮ ነው የመጣው። በሬ በቀን ተኩል የሚጨርሰውን አራት ቀን ሙሉ ቆፈርነው። በእጅ፣ ጓል በጓል። ከሁሉ የቆፈረችው ማን መሰለቻችሁ? ያቺ የተሰጣትን ልጅ የመለሰችው ለተጊዮርጊስ። ከኮተቤ ድረስ እየተመላለሰች፣ መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላ። ከማንም ጋር አላወራችም። እኔ ስሟን ስንቴ አጥፍቼዋለሁ፣ በአራተኛው ቀን ውሃ ሳቀብላት ዓይኗን ማየት አፈርኩ።

ኃይለ መስቀል በድንበሩ ማዶ በሬዎቹን ይዞ ቆሞ ያየን ነበር። 

ገብሱ እንደታረሰ መሬት አልበቀለም፣ ግን በቀለ። እስከሚቀጥለው ጥር አደረሰን። እኔም በተራዬ ለሌላው ቤት ቆፍሬያለሁ፣ እያጉረመረምኩ።

ከዚያ ክፉ ቀን የተረፈ ተረፈ። ኢፍቱ አደገች። ለፍላፊ ሆነች፣ ከኔ ነው የወረሰችው ይላሉ። ኃይለ መስቀል ሦስት ዓመት አኮረፈን፣ በኋላም ሰላም ሲለን ስሟን አይጠራም። «ያቺ ልጅ» ነው የሚላት። ዓይኑ ሲደክም ቤተ ክርስቲያን እየመራች የምትወስደው እሷ ነበረች፣ ያኔም «ያቺ ልጅ መጣች?» ነው የሚለው። እሷ ትስቃለች። እኔ ግን በተባለ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ኮተቤ ያለው ዱጋሳ ለልጁ ሽማግሌ ላከ። ዲንቄ በዚያ ዓመት ጾም መያዣ ላይ ነው የሞተችው፣ ለትንሽ አላየችውም። ከሷ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ የምዞረው እኔ ሆኛለሁ። ምን ላድርግ፣ እግሬ ለምዶታል።

የሚያጋባ ሰው ዘር ይቆጥራል። የልጅቷም የልጁም ቤት እስከ ሰባት አባት ይቆጠራል፣ አንድ ሆነው እንዳይገኙ። የልጃቸውን ቆጠሩ። ከዚያ የዱጋሳ ሽማግሌ ወደኛ ዞሮ «የልጅቷን ቁጠሩልን» አለ። የአባት ወገን ነው የሚቆጥረው፣ ባሌ ደግሞ የለም። ከአባት ወገን ቤቱ ውስጥ ያለው ኃይለ መስቀል ብቻ ነው፣ ሸምግሎ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ግድግዳው ሥር። የጠራሁት አለመጥራት ነውር ስለሆነ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የዋጠውን ዛሬ ሊተፋው ነው አልኩ። የመንገደኛ ልጅ ናት፣ እኛ አናውቃትም ቢል ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አንሥተው ነው የሚወጡት። ኢፍቱ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች።

ኃይለ መስቀል ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«ኢፍቱ» አለ። በስሟ ሲጠራት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። «ኢፍቱ የወልደ ሐዋርያት ናት። ወልደ ሐዋርያት የዘወልድ፣ ዘወልድ የአርከ ሥሉስ፣ አርከ ሥሉስ የክንፉ፣ ክንፉ የወልደ ቂርቆስ፣ ወልደ ቂርቆስ የዘርዓ ብሩክ፣ ዘርዓ ብሩክ የመዝራዕት። ሌላ የምትጠይቁት አለ?»

«የለም፣ ይበቃናል» አሉ።

ተቀመጠ። እኔ ጠላ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ባሌን አግብቼ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ስም እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቃቸውም ነበር።